ከሜዳው ዳር መቆም ለምትመኙ

ውድ ልጆቼ፣

የፉትቦል አሠልጣኝ የመሆን ምኞታችሁን የምታጫውቱኝ ወጣቶች ቁጥራችሁ ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ መጥቷል። ገሚሶቻችሁ እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ተወልዳችሁ በትምህርት ቤት ቡድን ውስጥ የተጫወታችሁ ናችሁ። ገሚሶቻችሁ ደግሞ አዲስ አበባ ሆናችሁ የዓመቱን የመጨረሻ የዋንጫ ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ለማየት እንቅልፍ አጥታችሁ የምታነጉ ናችሁ። አሠልጣኝ ለመሆን ምን ያስፈልጋል የሚለው ጥያቄያችሁ ተመሳሳይ ስለሆነ መልሴን በአንድ ደብዳቤ ላድርገው። ፉትቦል ስል አሜሪካውያን በሞላላ ኳስ የሚጫወቱትን ማለቴ ነው፤ ዓመቶቹንም የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በስፖርት መምህርነት ነው፤ መጀመሪያ በአገር ቤት፣ ኋላም በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፉትቦል ረዳት አሠልጣኝነት። በትልቁ ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ አልሠራሁም። ነገር ግን የሊጉ ሰዎች ውድድር በሌለበት ወራት ለትምህርት ቤት አሠልጣኞች የሚሰጡትን ሥልጠና ዕድል ባገኘሁ ቁጥር ተከታትያለሁ፤ የሥራ ሕይወታቸውንም ለረጅም ጊዜ በጥሞና አጥንቻለሁ። ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት አሠልጣኝነት በመጀመሪያም በመጨረሻም ማስተማር መሆኑን ነው። ማስተማርን የማይወድ ሰው በዚህ ሙያ ውስጥ ራሱ ይሰቃያል፤ ከእሱ በታች ያሉትንም ያሰቃያል።

በኤንኤፍኤል 32 ቡድኖች አሉ። ስለዚህ በዓለም ላይ ይህን ሥራ በዋና አሠልጣኝነት የያዙት 32 ሰዎች ብቻ ናቸው። ከእያንዳንዳቸው ሥር ብዙ ረዳቶች አሉ፤ የማጥቃቱን ክፍል የሚመራ፣ የመከላከሉን ክፍል የሚመራ፣ ኳስ የሚመቱትንና የሚመልሱትን የሚያሠለጥን፣ ለኳርተርባኩ (ኳሱን ለሚወረውረውና ማጥቃቱን ለሚመራው ተጫዋች)፣ ለሯጮቹ፣ ለፊት መስመሩ ለየብቻ የተመደበ። እናንተ በቴሌቪዥን የምታዩት የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ፣ በእጁ ሰፊ ወረቀት ይዞ፣ አፉን በወረቀቱ ከልሎ የሚናገረውን አንዱን ሰው ነው። ምኞታችሁም የሚጸነሰው ከእሱ ነው። እኔ ግን ስለ ሌሎቹ ቀናትና ስለ ሌሎቹ ሰዎች ልንገራችሁ።

የእሑዱ ጨዋታ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሰኞ ማለዳ አሠልጣኞቹ እያንዳንዱን ሙከራ፣ ማለትም አጥቂው ቡድን 10 ያርድ (ዘጠኝ ሜትር ያህል) ለመግፋት ከሚሰጡት አራት ዕድሎች አንዱን፣ በቪዲዮ ወደ ኋላ እየመለሱ ያያሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች በእያንዳንዱ ሙከራ ላይ እግሩን የት እንዳሳረፈ፣ እጁን በምን ከፍታ እንደዘረጋ፣ ዓይኑን ወዴት እንደላከ ተመዝኖ ነጥብ ይሰጠዋል። ማክሰኞ ተጫዋቾች ያርፋሉ፤ የአሠልጣኞች ረጅሙ ሌሊት ግን ያ ነው፤ ለሚቀጥለው ተጋጣሚ የሚሆነው ዕቅድ የሚወለደው በዚያ ሌሊት ነው። ረቡዕ ተጫዋቾች ሲመለሱ ለመጀመሪያውና ለሁለተኛው ሙከራ የተዘጋጁት ንድፎች (ማን ወዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚያሳዩ ሥዕሎች) ይሰጧቸዋል፤ ሐሙስ የሦስተኛው ሙከራ፤ ዓርብ ደግሞ ከግቡ መስመር 20 ያርድ ውስጥ ሲገቡ የሚያደርጉት። ቅዳሜ ሁሉንም በዝግታ እየተራመዱ ይደግሙታል። ከቡድን ቡድን ጥቂት ቢለያይም ሳምንቱ የሚሄደው እንዲህ ነው፤ በመደበኛው ውድድር 17 ጨዋታዎች ስላሉም ይህ 17 ጊዜ ይደገማል።

በዚህ ሳምንት ውስጥ የመጨረሻውን ወንበር የያዘ አንድ ወጣት ረዳት አለ። ስሙን ተመልካች አያውቀውም። ሥራው የተጋጣሚውን ያለፉ ጨዋታዎች መቆራረጥና መቁጠር ነው። ተጋጣሚው በሦስተኛ ሙከራ ሰባት ያርድ ሲቀር ተጨማሪ ተጫዋች ልኮ ኳርተርባኩን የሚያሳድደው ስንት ጊዜ ነው? ኳሱ በሜዳው ግራ በኩል ሲሆንስ? ሲመራና ሲመራበት ልዩነት አለው? ይህን ሁሉ ቆጥሮ፣ ሠንጠረዥ ሠርቶ፣ ሥዕሉን ስሎ ሌሎቹ ቢሮ ከመግባታቸው በፊት ጠረጴዛቸው ላይ ያስቀምጣል። አብዛኞቹ ታላላቅ አሠልጣኞች ያለፉት በዚህ ወንበር ወይም ይህን በሚመስል ወንበር በኩል ነው። ይህን ሥራ ስትሰሙ ልባችሁ ከቀዘቀዘ፣ ወንድማዊ ምክሬ ሌላ ሙያ ፈልጉ ነው። ደስ ካላችሁ፣ ማለትም ከቁጥሩ በስተጀርባ የተሸሸገውን ሰው የማወቅ ጉጉት ካደረባችሁ፣ ንባባችሁን ቀጥሉ።

ይህ ሁሉ ዝግጅት የሚፈተነው በጣም አጭር በሆነ ጊዜ ውስጥ ነው። አንድ ሙከራ አልቆ ቀጣዩ እስኪጀመር የሚፈቀደው 40 ሰከንድ ነው። ከ1994 ጀምሮ ኳርተርባኩ በሄልሜቱ ውስጥ የአሠልጣኙን ድምፅ የሚሰማበት ሬዲዮ አለው፤ ሰዓቱ 15 ሰከንድ ሲቀረው ግን ሬዲዮው ይቋረጣል። አሠልጣኙ ከዚያ በፊት ባሉት ሴኮንዶች የተፈጠረውን ማየት፣ ስንተኛ ሙከራ እንደሆነና ስንት ያርድ እንደቀረ ማወቅ፣ ከወረቀቱ ላይ አንዱን ንድፍ መርጦ መናገር አለበት። የመጨረሻው 15 ሰከንድ የተጫዋቹ ነው። በዚያን ጊዜ እናንተ ምንም ልታደርጉለት አትችሉም፤ ከእሱ ጋር ያለው ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ ያስተማራችሁት ብቻ ነው። ይህ ሕግ ሲወጣ የታሰበበት ለሌላ ነገር ይሆናል፤ ለእኔ ግን የሙያውን እውነት ከማንኛውም መጽሐፍ በተሻለ ያሳየኛል።

ወደ ዋና አሠልጣኝነት የሚያደርሰው መንገድ ምን ያህል እንደሚረዝም ለማሳየት በዚህ ከተማ ስማቸው አሁንም በአክብሮት ከሚጠራው ከጆ ጊብስ ልጀምር። ጊብስ በ1964 በሳንዲያጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በዶን ኮርየል ሥር ጀመሩ። ከዚያ ወደ ፍሎሪዳ ስቴት፣ ወደ ደቡብ ካሊፎርኒያ፣ ወደ አርካንሳስ፣ ወደ ሴንት ሉዊስ፣ ወደ ታምፓ፣ እንደገናም ወደ ሳንዲያጎ ሄዱ። በየከተማው ዕቃ መጠቅለል፣ በየከተማው አዲስ ቤት፣ በየከተማው አዲስ አለቃ። በ1981 ዋሽንግተን በዋና አሠልጣኝነት ሲቀጥራቸው የ40 ዓመት ሰው ነበሩ፤ በረዳትነት 17 ዓመት አሳልፈዋል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፉ። ያን ዓመት ስምንት አሸንፈው ስምንት ተሸንፈው ጨረሱ፤ በሚቀጥለው የውድድር ዘመን ሻምፒዮን ሆኑ። በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ሱፐር ቦውልን ሲያሸንፉ ሦስቱንም ጊዜ ኳርተርባካቸው የተለያየ ሰው ነበር፤ ጆ ታይስማን፣ ዳግ ዊልያምስ፣ ማርክ ሪፒን። ከዋንጫዎቹ ቁጥር ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። አንድ ተሰጥኦ ያለው ልጅ አግኝቶ ማሸነፍ አንድ ነገር ነው። በሦስት የተለያዩ ልጆች ማሸነፍ ግን የአስተማሪውን ችሎታ ይመሰክራል። ዳግ ዊልያምስ በጥር 1988 ዴንቨርን 42 ለ10 ሲረቱ ሱፐር ቦውልን በቋሚ ተሰላፊነት ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ እንደሆነም አትርሱ።

የሱፐር ቦውል ዋንጫው ራሱ በስማቸው የሚጠራው ቪንስ ሎምባርዲ ደግሞ ሥራቸውን የጀመሩት በኒው ጀርሲ በአንድ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ላቲን፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ አስተማሩ፤ ከክፍል ሲወጡ ቡድኑን ያሠለጥኑ ነበር። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ የዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ፣ ከዚያ በኒው ዮርክ ጃይንትስ የማጥቃቱ ክፍል ረዳት። በ1959 ግሪን ቤይ ዋና አሠልጣኝ ሲያደርጋቸው 45 ዓመታቸው ነበር። ቡድኑ በ1958 አንድ ጊዜ ብቻ አሸንፎ፣ 10 ጊዜ ተሸንፎ፣ አንድ ጊዜ አቻ ወጥቶ ነበር። ሎምባርዲ በሰባት ዓመት ውስጥ አምስት የሊግ ሻምፒዮና ወሰዱ።

ስለ ሎምባርዲ ጆን ማደን ደጋግመው ያወሩት የነበረ አንድ ነገር አለ። ማደን ወጣት አሠልጣኝ ሳሉ ሎምባርዲ በሚያስተምሩበት ሥልጠና ላይ ተገኙ። ሎምባርዲ ስለ አንድ ንድፍ ብቻ ስምንት ሰዓት አስተማሩ። የፊት መስመር ተጫዋቾች ወደ ጎን ወጥተው ለሯጩ መንገድ የሚጠርጉበት፣ ማንኛውም ልጅ የሚያውቀው ንድፍ ነበር። ማደን ሁሉን አውቃለሁ ብለው ገብተው ምንም እንደማያውቁ ተረድተው ወጡ። እሳቸውም በኋላ የኦክላንድ ሬይደርስ ዋና አሠልጣኝ ሆነው በጥር 1977 ሱፐር ቦውልን አሸነፉ። ልጆቼ፣ በኢንተርኔት ላይ መቶ ንድፍ በአንድ ቀን ማየት ትችላላችሁ። አንዱን ንድፍ ወስዳችሁ ለእያንዳንዱ ከ11ዱ ተጫዋቾች ለምን እዚያ እንደቆመ፣ ፊት ለፊቱ ያለው ሰው ቢንቀሳቀስ ምን እንደሚያደርግ ማስረዳት ካልቻላችሁ ገና አልጀመራችሁም።

በኋላ ታላቅ ዋና አሠልጣኝ የሆኑት ቢል ቤሊቺክ ግን ቀድመው የጀመሩ ሰው ናቸው። አባታቸው እዚሁ ሜሪላንድ አናፖሊስ በሚገኘው የባሕር ኃይል አካዳሚ አሠልጣኝ ነበሩ፤ የተጋጣሚን ፊልም አይቶ የማጥናት ጥበብን ልጁ የተማረው ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ነው። በዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ አጥንተው በ1975 ባልቲሞር ኮልትስ ሲገቡ የሳምንት ደመወዛቸው 25 ዶላር ነበር። ከእኩዮቻቸው ብዙዎቹ ባንክ ቤት ገብተው የተሻለ ደመወዝ እያገኙ እሳቸው በጨለማ ክፍል ፊልም ይመለከቱ ነበር። ይህን ስል ድህነትን ማሞካሸቴ አይደለም። ቤት ኪራይ መክፈል አለባችሁ፤ እናትና አባታችሁንም መርዳት ትፈልጋላችሁ። ለዚህ ነው የማስተማር ዲግሪና የማስተማር ፈቃድ ያዙ የምላችሁ። የአሠልጣኝነቱ ገቢ ትንሽ በሆነባቸው ዓመታት የሚያኖራችሁ መምህርነት ነው፤ ሎምባርዲንም ያኖራቸው ይኸው ነበር።

ሾን ማክቬይን እንደምትጠቅሱብኝ አውቃለሁ። በ2017 የሎስ አንጀለስ ራምስ ዋና አሠልጣኝ ሲሆን 30 ዓመቱ ነበር፤ በየካቲት 2022 በ36 ዓመቱ ሱፐር ቦውልን አሸነፈ። እውነት ነው፣ በዘመናዊው ሊግ እንደሱ ወጣት ሆኖ ዋና አሠልጣኝ የሆነ አልነበረም። ነገር ግን አያቱ የዚሁ ሊግ ሰው ነበሩ፤ እሱም በ2008 ታምፓ ገብቶ፣ ኋላም እዚህ ዋሽንግተን ለዓመታት በረዳትነት ሠርቶ ነው እዚያ የደረሰው። የእሱን ፍጥነት መለኪያ ካደረጋችሁት በ35 ዓመታችሁ ያለ ምክንያት ታዝናላችሁ።

አሁን ከሁሉ አብልጬ ወደምወደው ታሪክ ልግባ። በ1970 ቢል ዋልሽ በሲንሲናቲ ቡድን የማጥቃቱ ክፍል ረዳት ነበሩ። ረጅም ኳስ መወርወር የሚችለው ጎበዝ ኳርተርባካቸው ግሬግ ኩክ ትከሻው ተጎድቶ ከጨዋታ ወጣ። በቦታው የተገኘው ቨርጂል ካርተር የተባለ ብልህና ኢላማው የማይስት፣ ክንዱ ግን ደካማ የሆነ ልጅ ነው። ሌላ አሠልጣኝ ቢሆን በልጁ ክንድ ሲያማርር ዓመቱ ያልቅ ነበር። ዋልሽ ጥያቄውን ገለበጡት፤ ይህ ልጅ ምን ይችላል? አጭር ኳስ፣ በትክክለኛው ቅጽበት፣ ለሚሮጥ ሰው። ስለዚህ መላው ማጥቃት በአጫጭር ቅብብሎች ላይ፣ በኳርተርባኩ እርምጃና በተቀባዩ ሩጫ መጣጣም ላይ ተመሥርቶ እንደ አዲስ ተሠራ። ቡድኑ በዚያው ዓመት ምድቡን አሸነፈ፤ ካርተርም በ1971 በሊጉ ውስጥ ከወረወራቸው ኳሶች ብልጫ ያለውን መቶኛ ለባልደረቦቹ ያደረሰ ኳርተርባክ ሆነ።

ይህ ከአንድ ልጅ ድክመት የተወለደ ዘዴ በኋላ የሊጉን አጨዋወት ለወጠ። ዋልሽ ራሳቸው ግን ብዙ ጠበቁ። በ1976 የሲንሲናቲ ዋና አሠልጣኝነት ይገባቸዋል ሲባል ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሳንፍራንሲስኮ በ1979 ሲቀጥራቸው 47 ዓመታቸው ነበር፤ የመጀመሪያውን ዓመት ሁለት አሸንፈው 14 ተሸነፉ፤ በሦስተኛው የውድድር ዘመን ሻምፒዮን ሆኑ። የጨዋታውን የመጀመሪያዎቹን 25 ንድፎች ከጨዋታው ቀን በፊት ጽፈው የመጨረስ ልማድ ነበራቸው። ምክንያቱም ሰው በጩኸትና በጭንቀት ውስጥ እንደሚሳሳት ያውቁ ነበር፤ ረጋ ባለ ሰዓት የታሰበው ይሻላል ብለው ያምኑ ነበር። እኔ በክፍል ውስጥ ይህንኑ አድርጌያለሁ፤ ከበድ ያለ ቃል ለተማሪ የምናገርበት ቀን ሲመጣ ማታ ጽፌው እሄድ ነበር።

የካርተር ታሪክ በእኔም ሥራ ብዙ ጊዜ ረድቶኛል። ከአገር ቤት በቅርቡ የመጣ፣ እንግሊዝኛው ገና ያልጠና አንድ ልጅ ነበረን። በጥቁር ሰሌዳ የምንስለው ሁሉ አይገባውም፤ ሌሎቹ ልጆች ይስቁበታል። እግር ኳስ ተጫውቶ ያደገ ስለሆነ ኳስ መቺ አደረግነው፤ የቀረውን ደግሞ በሜዳው ላይ እጁን ይዤ እያራመድኩ አሳየሁት። ሰሌዳው ላይ ያልገባው በእግሩ ገባው። ከተማሪው ፊት ቆማችሁ ልጁ አይገባውም ከማለታችሁ በፊት እናንተ ስንት መንገድ እንደሞከራችሁ ቁጠሩ።

ስለ መሸነፍና ስለ መባረር ሳልነግራችሁ ባልፍ ደብዳቤዬ ሐሰተኛ ይሆናል። መደበኛው ውድድር ባለቀ ማግስት ያለውን ሰኞ አሜሪካውያን ጥቁር ሰኞ ይሉታል፤ አሠልጣኞች በብዛት የሚባረሩበት ቀን ነው። ዋናው ሲባረር ብዙውን ጊዜ ረዳቶቹም አብረው ይሄዳሉ፤ ልጆቻቸውም ትምህርት ቤት ይቀይራሉ። ቶም ላንድሪ በ1960 ዳላስን ሲጀምሩ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳያሸንፉ ዓመቱን ጨረሱ። የቡድኑ ባለቤት ታግሠው የ10 ዓመት ውል ሰጧቸው፤ ላንድሪም ከ1966 እስከ 1985 በተከታታይ 20 ዓመት ከተሸነፉት በላይ አሸነፉ። በ1989 ግን ቡድኑ በተሸጠ ጊዜ አዲሱ ባለቤት ከ29 የውድድር ዘመን በኋላ አሰናበቷቸው። ቤሊቺክም ስድስት ሱፐር ቦውል ከማሸነፋቸው በፊት ክሊቭላንድ ላይ ተባርረዋል።

ከተባረሩት ሁሉ እኔ የማከብረው ቶኒ ደንጂን ነው። አባታቸውም እናታቸውም አስተማሪዎች ነበሩ። በፒትስበርግ ተጫውተው፣ በ25 ዓመታቸው እዚያው ረዳት አሠልጣኝ ሆነው፣ በ28 ዓመታቸው የመከላከሉን ክፍል መርተው፣ ዋና አሠልጣኝ ለመሆን ግን እስከ 1996 ጠበቁ። ታምፓ መሸነፍን የለመደ ቡድን ነበር፤ በእሳቸውም ዘመን የመጀመሪያዎቹን አምስት ጨዋታዎች ተሸነፈ። አልጮሁም፤ አልተሳደቡም፤ የሚያስተምሩትንም አልቀየሩም። በሁለተኛው ዓመት ቡድኑ ለጥሎ ማለፉ ደረሰ። በጥር 2002 ተባረሩ፤ በዓመቱ እሳቸው የገነቡት ቡድን በሌላ አሠልጣኝ ሱፐር ቦውልን አሸነፈ። አንዱ ዘርቶ ሌላው እንደሚያጭደው ማለት ነው። ደንጂ ወደ ኢንዲያናፖሊስ ሄደው በ2007 የካቲት 4 ቀን ቺካጎን 29 ለ17 አሸንፈው ሱፐር ቦውልን ያሸነፉ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሠልጣኝ ሆኑ። በተቃራኒው ወገን የቆሙት ሎቪ ስሚዝም ጥቁር ነበሩ፤ በታምፓ በእሳቸው ሥር ሠርተዋል። በትምህርት ቤት ሜዳዎች ላይ በልጆች ላይ የሚጮኹ አሠልጣኞችን ስሰማ ደንጂን አስባለሁ። ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ትልቁን ዋንጫ የወሰደ ሰው ካለ፣ ስድብ ለሥራው ያስፈልጋል የሚል ምክንያት አትቀበሉ።

መሸነፍን በተመለከተ ከቡፋሎው ዋና አሠልጣኝ ከማርቭ ሌቪ የበለጠ የሚያስተምር የለም። ሌቪ ከሃርቫርድ በእንግሊዝ ታሪክ የማስተርስ ዲግሪ ያላቸው ሰው ናቸው። በጥር 1991 ሱፐር ቦውል ላይ ቡድናቸው በአንድ ነጥብ እየተመራ ሴኮንዶች ሲቀሩት ኳስ መቺው ስኮት ኖርውድ ከ47 ያርድ መታ፤ ኳሱ በቀኝ በኩል አለፈ። 20 ለ19 ተሸነፉ። በማግስቱ የቡፋሎ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ የጠራው የኖርውድን ስም ነው፤ ልጁ እያለቀሰ ምስጋና አቀረበ። ቡድኑም ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ዓመታት በተከታታይ ሱፐር ቦውል ደረሰ፤ ሦስቱንም ተሸነፈ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ውድቀት ያወራዋል። እኔ አልስማማም። ልባቸው ተሰብሮ በነሐሴ ሙቀት ተመልሰው ከመጀመሪያው የሚጀምሩ፣ ይህንንም ደጋግመው የሚያደርጉ ሰዎችን የፈጠረ አሠልጣኝ ትልቅ አስተማሪ ነው።

ስለ ተጫዋቹ ሰውነት ቁርጥ ያለ ነገር ልናገር። ይህ ጨዋታ ጭንቅላትን ይጎዳል። ሊጉ ለብዙ ዓመታት ነገሩን አቃልሎ ይዞት ነበር፤ በ2009 መጨረሻ ላይ የአንጎል መናወጥ ምልክት ያሳየ ተጫዋች በዚያው ቀን ወደ ጨዋታ እንዳይመለስ የሚያዝ ደንብ አወጣ። ከዚያም በኋላ ደንቡ ጠብቋል። በትምህርት ቤት ሜዳ ግን ብዙ ጊዜ የነርቭ ሐኪም የለም፤ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ልጁ ደህና ነኝ ይላችኋል፤ ሁሌም ደህና ነኝ ነው የሚለው። አባቱ ከአጥር ማዶ አስገባው ይላችኋል። ውጤቱ እኩል ይሆናል፣ ሰዓቱም እያለቀ ይሆናል። አስወጡት። ወላጆች ልጆቻቸውን የሚሰጧችሁ ለጨዋታው ውጤት አይደለም። ይህን በልበ ሙሉነት ማድረግ የማይችል ሰው ፊሽካ በአንገቱ ባያንጠለጥል እመርጣለሁ።

የራሳችሁም ሰውነትና ቤት አለ። በዚህ ሙያ ቢሮ ውስጥ ማደር እንደ ጀግንነት ይወራል፤ ጆ ጊብስ በሳምንት ውስጥ ብዙ ሌሊት ቢሮአቸው ያድሩ ነበር። ዲክ ቨርሚልም እንዲሁ። ቨርሚል ፊላዴልፊያን ለጥር 1981 ሱፐር ቦውል አብቅተው፣ ከ1982 የውድድር ዘመን በኋላ ጉልበቴ ተሟጠጠ ብለው ሙያውን ተዉ። ለ14 ዓመት በቴሌቪዥን ሲሠሩ ቆይተው በ1997 ሴንት ሉዊስ ጠራቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከበዱ፤ ተጫዋቾች ልምምዱ ረዘመብን ብለው አጉረመረሙ። በሦስተኛው ዓመት አሠልጣኙ ልምምዱን አሳጠሩት። ዋናው ኳርተርባክ ከውድድሩ በፊት ሲጎዳም፣ ቀደም ሲል በአንድ የምግብ መደብር ሌሊት ዕቃ ሲደረድር የነበረውን ከርት ዋርነርን አመኑት። በጥር 2000 በ63 ዓመታቸው ሱፐር ቦውልን 23 ለ16 አሸነፉ። ሰውዬው ያው ናቸው፤ እውቀቱም ያው ነው፤ የተለወጠው ለሰው ድካም የሚሰጡት ቦታ ነው። ስለዚህ ቢሮ ውስጥ የማደርን ወሬ አትቅዱ። የምታገቡትንም ሰው ከማግባታችሁ በፊት ከተማ መቀያየሩን፣ የእሑዱን መቅረት፣ ጥቁር ሰኞውን ሁሉ በግልጽ ንገሩ።

በሩ ለሁሉ እኩል እንዳልተከፈተም ታውቃላችሁ። በ1920ዎቹ ፍሪትዝ ፖላርድ የተባሉ ጥቁር ሰው ዋና አሠልጣኝ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ እስከ 1989 ድረስ፣ ሬይደርስ አርት ሼልን እስኪሾሙ፣ ሌላ አልነበረም። በሜዳው ላይ ግን ለአሥርት ዓመታት ጥቁር ተጫዋቾች ሞልተው ነበር። በ2003 ሊጉ ዋና አሠልጣኝ የሚፈልግ ቡድን ቢያንስ አንድ ነጭ ያልሆነ ዕጩ እንዲያነጋግር ደነገገ፤ ደንቡ በፒትስበርጉ ባለቤት በዳን ሩኒ ስም ይጠራል። ቃለ መጠይቅ ሥራ አይደለምና ችግሩ አላለቀም። ሴቶች ልጆቼም ይህን ስሙ፤ በ2015 ጄን ዌልተር በአሪዞና የልምምድ ወቅት ተለማማጅ አሠልጣኝ ሆነች፤ በ2016 ካትሪን ስሚዝ በቡፋሎ የሙሉ ጊዜ ሥራ ያዘች፤ በየካቲት 2020 ኬቲ ሳውርስ ከሳንፍራንሲስኮ ጋር በሱፐር ቦውል በአሠልጣኝነት የተገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ፊት ለፊታችሁ ያለውን አድልዎ የለም ብላችሁ ራሳችሁን አታታልሉ። ነገር ግን ሥራውን ከማወቅ የሚያግዳችሁ ማንም የለም፤ በሩ በተከፈተ ቀን ተዘጋጅታችሁ ተገኙ።

ከየት እንደምትጀምሩ ልንገራችሁና ልጨርስ። እዚህ አሜሪካ ያላችሁ፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ትምህርት ቤት ሂዱና የታናናሾቹን ቡድን የሚያሠለጥነውን ሰው አነጋግሩ፤ እርዳታ የሚጠላ አሠልጣኝ አላውቅም። ውኃ መያዝም ቪዲዮ መቅረጽም ይሁን፣ የተሰጣችሁን ሥሩ። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ፍላግ ፉትቦልን ተመልከቱ፤ ግጭት የሌለበት፣ በወገብ የታሰረች ጨርቅ በመንጠቅ ተጋጣሚን የሚያስቆሙበት፣ በአንድ ወገን አምስት ሰው የሚጫወትበት ነው። በ2028 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ለወንዶችም ለሴቶችም ይካሄዳል። ብዙ ዕቃ አይፈልግም፤ ኳስ፣ ቀበቶና ሜዳ ይበቃል።

ሁላችሁም ግን አንድ ሥራ ሥሩልኝ። አንድ ሙሉ ጨዋታ ምረጡና ድምፁን ዘግታችሁ ተመልከቱ። ኳሱን አትከተሉ። ኳርተርባኩን ከግራ በኩል የሚጠብቀውን አንዱን የፊት መስመር ተጫዋች ብቻ፣ ከመጀመሪያው ሙከራ እስከ መጨረሻው ተከታተሉ፤ በየሙከራው መጀመሪያ የትኛውን እግሩን እንዳነሣ፣ ማንን እንደገጠመ፣ እንደቻለ ወይም እንዳልቻለ፣ ካልቻለም ለምን እንደሆነ በደብተር ጻፉ። ጨዋታውን አይቶ ለማያውቅ ታናሽ ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ ያያችሁትን አስረዱ፤ ያልገባቸውንም ጥያቄ እዚያው ደብተር ላይ ጨምሩ። ከዚያ ደብተሩን ላኩልኝ፤ አንብቤ እመልስላችኋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
መምህራችሁ